በጽኑ ሕሙማን ክፍል ማን ምን ይሠራል፣ ማንስ ይመራል?

ስምንት አልጋ ባለው ጽኑ ሕሙማን ክፍል ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ገብታችሁ «አሁን እዚህ ኃላፊው ማነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁሉም ወደ አንድ ሰው ካመለከቱ ክፍሉ መሪ አለው። ሁለት ስም ከሰማችሁ፣ ወይም «ሲኒየሩ ቤታቸው ናቸው» የሚል መልስ ካገኛችሁ ግን የመተንፈሻ ማሽኑ (ቬንቲሌተሩ) የቱንም ያህል አዲስ ቢሆን አንድ ሌሊት በሽተኛ ይጎዳል።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በሪፈራልና በጠቅላላ ሆስፒታሎች ጽኑ ሕሙማን ክፍል (አይሲዩ) ውስጥ ለሚሠሩ ነው፤ ቀን ሲኒየር (ኃላፊው ስፔሻሊስት ሐኪም) የሚገባበት፣ ማታ ሬዚደንት (ስፔሻሊቲ በመማር ላይ ያለ ሐኪም) ወይም ጠቅላላ ሐኪም ተረኛ የሚሆንበት፣ ነርሶቹም ከአልጋው ቁጥር አንጻር ሁልጊዜ የሚያንሱበት ዓይነት ክፍል።

ትእዛዝ የሚጽፈው አንድ ቡድን ይሁን

በብዙ ሆስፒታሎቻችን አልጋው የአይሲዩ ነው፣ በሽተኛው ግን የላከው ክፍል። ከዚህ የሚመጣው ጣጣ ለማንም አዲስ አይደለም። ጠዋት የቀዶ ሕክምናው ቡድን 3 ሊትር ፈሳሽ ያዛል፤ ቀትር ላይ በኮንሰልት (ለምክር ተጠርቶ) የመጣው የውስጥ ደዌ ሐኪም ፈሳሽ በሽንት የሚያስወጣውን ላሲክስ ይጽፋል፤ ነርሷም ሁለቱም የተፈረመባቸው ትእዛዞች ስለሆኑ ሁለቱንም ትሰጣለች። ማንም አላጠፋም፣ በሽተኛው ግን ተጎዳ።

መፍትሔው ከሚመለከታቸው ክፍሎች ኃላፊዎች ጋር ቁጭ ብሎ ድንበሩን በጽሑፍ መለየት ነው። የላከው ክፍል የራሱን ሙያ የሚመለከተውን ይወስናል፦ የቁስልና የድሬን (ፈሳሽ ማፍሰሻ ቱቦ) እንክብካቤ፣ ወደ ኦፕሬሽን ክፍል መመለስ፣ ከአከርካሪ ጉዳት በኋላ አንገትን ማንቀሳቀስ ይቻል እንደሆነ። ፈሳሽ፣ ቬንቲሌተር፣ የወረደ የደም ግፊት ከፍ የሚያደርግ መድኃኒት፣ ማስተኛ፣ አንቲባዮቲክና ምግብ ግን የሚታዘዙት በአይሲዩው ሐኪም ብቻ ነው። ሌላው ሐኪም አስተያየቱን ይጽፋል፣ የአይሲዩው ሐኪም ደግሞ ወደ ትእዛዝ ይለውጠዋል ወይም የማይለውጥበትን ምክንያት ይጽፋል።

ከዚያ በመግቢያው ግድግዳ ላይ አንድ ነጭ ሰሌዳ ስቀሉ። በየፈረቃው የሚጻፉበት ሦስት ስሞች ናቸው፤ የዕለቱ ሲኒየር፣ ክፍሉ ውስጥ ያለው ተረኛ ሐኪምና የፈረቃው መሪ ነርስ። ከሲኒየሩ ስም ሥር ሁለተኛ ስልክ ይኑር። ስልኩ በ10 ደቂቃ ውስጥ ካልተነሳ ወደ ሁለተኛው ይደወላል፤ ይህን ለማድረግ የማንም ፈቃድ አያስፈልግም።

ነርሷ

በሽተኛው አጠገብ ሳይለይ የሚውለውና የሚያድረው ነርስ ነው። ስለዚህ የአይሲዩ አመራር የሚጀምረው ከነርስ ድልድል ነው። የመተንፈሻ ቱቦ ያለው በሽተኛ ለሁለት አንድ ነርስ፣ ደም ግፊቱ እየወረደ ያለ ወይም ገና የገባ ደግሞ ለብቻው አንድ ነርስ ቢያገኝ ተገቢ ነው። ማታ ላይ ለሦስትና ለአራት አንድ የሚሆንበት ጊዜ መኖሩን እናውቃለን። ያኔ አልጋ በቁጥር አታካፍሉ፣ ሥራውን አካፍሉ፦ ሁለት አድሬናሊን የሚወስዱ በሽተኞች በአንድ ነርስ እጅ አይውደቁ። መሪዋ ነርስ ከተቻለ በሽተኛ አትያዝ፣ ካልተቻለም ቀላሉን ትያዝ፤ እሷ በአንድ አልጋ ሥራ ከተጠመደች ክፍሉን በሙሉ የሚያይ ሰው አይኖርም።

ነርሷ ሐኪም ሳትጠብቅ የምታደርጋቸው ነገሮች በአንድ ገጽ ተጽፈው በሲኒየሩ ፊርማ ይለጠፉ። ኦክስጅን ሲወርድ ወደ 100 በመቶ ማድረግና ሳክሽን ማድረግ (አክታውን በቱቦ መሳብ)፣ ቬንቲሌተሩ ከተጠረጠረ ነቅላ በአምቡ ባግ (በእጅ በሚጨመቀው የማስተንፈሻ ከረጢት) ማስተንፈስ፣ ካስመለሰው በቱቦ የሚሰጠውን ምግብ ማቆም፣ የደም ስኳር ከ70 በታች ከሆነ 40 በመቶ ግሉኮስ 40 ሚሊ ሊትር በደም ሥር ሰጥታ በ15 ደቂቃ ውስጥ እንደገና መለካት። ይህ ወረቀት በሌለበት ክፍል ጎበዟ ነርስ ታደርገዋለች፣ ፈሪዋ ትጠብቃለች፤ የበሽተኛው ዕድልም በፈረቃው ድልድል ላይ ይወድቃል።

ቁመት መለካትም የነርሷ ነው፣ በገባበት ሰዓት፣ በሜትር። ቀላል ቢመስልም የቬንቲሌተሩ መጠን የሚሰላው በቁመት ነው። 170 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወንድ የሚገመተው ክብደቱ 66 ኪሎ ነው፤ በኪሎ 6 ሚሊ ሊትር ሲሰላ ትንፋሹ 400 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሆናል። ሰውዬው 90 ኪሎ ስለመዘነ በ90 ብታባዙት 540 ይመጣል፣ ያ ደግሞ ሳንባውን ይጎዳል። ሳንባ በውፍረት አያድግም።

የሚከብደው ግን ይሉኝታው ነው። የሐኪሙ ትእዛዝ ስህተት መሆኑን እያየች «እሱ ሳያውቀው ይቀራል?» ብላ የምትተወው ነርስ ብዙ ናት። ይህን በምክር አታስወግዱትም፤ የምትለውን ቃል አዘጋጅታችሁ ስጧት። መጀመሪያ ያየችውን ትናገር፦ «ዶክተር፣ ፖታሲየም አዘዋል፣ የጠዋቱ ውጤት ግን 5.8 ነው፣ ከፍ ያለ ነው።» መልስ ካላገኘች፦ «ያሳስበኛል፣ ከመስጠቴ በፊት ሲኒየሩን እንጠይቅ።» ካልሆነ፦ «አልሰጠሁም፣ ለሲኒየሩ እየደወልኩ ነው።» የመሪው የመጀመሪያ መልስ ሁልጊዜ «አመሰግናለሁ ሲስተር» ይሁን፣ ተሳስታ ቢሆንም እንኳ። አንድ ጊዜ በሰው ፊት የተዋረደች ነርስ ሁለተኛ አትናገርም፤ ያንን ያዩት ሌሎቹም አይናገሩም።

ሌሎቹ

አኔስቴቲስቱ ቱቦ ለማስገባት ብቻ የሚጠራ እንግዳ መሆን የለበትም። የዛሬው የጽኑ ሕክምና ሙያ ራሱ የተወለደው በ1952 እ.ኤ.አ. በኮፐንሃገን የፖሊዮ ወረርሽኝ ጊዜ ቢየርን ኢብሰን የተባለው የማደንዘዣ ሐኪም ከኦፕሬሽን ክፍል ተጠርቶ በመጣበት ወቅት ነው። አንገት ላይ በተከፈተ ቀዳዳ በእጅ ማስተንፈስ ይቻላል ያለው እሱ ነው። ሕሙማኑን ያተረፈው ግን ወደ 1,500 የሚጠጉ ተማሪዎችን በፈረቃ አሰልፎ ባግ እንዲጨምቁ ያደረገው አደረጃጀት ነው። በየጠዋቱ የትኛው በሽተኛ ቱቦ ሊያስፈልገው እንደሚችል ለአኔስቴቲስቱ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተሯሩጦ የሚገባ ቱቦና ከቀትር በፊት ተዘጋጅቶ የሚገባ ቱቦ አንድ አይደሉም።

ክሊኒካል ፋርማሲስቱ በራውንድ (ቡድኑ በየአልጋው እየዞረ በሽተኞችን በሚያይበት ጊዜ) ላይ ይገኝ፤ የኩላሊትን መድከም የሚያሳየው ክሪያቲኒን ሲጨምር የቫንኮማይሲንና የጄንታማይሲን መጠን እንዲቀነስ የሚያስታውሰው እሱ ነው። ፊዚዮቴራፒስት ካለ ለደረትና ለእግር፣ ከሌለ በሽተኛውን በየ2 ሰዓቱ ማገላበጡ በስም ይመደብ። ባዮሜዲካል ባለሙያው ማሽን ሲበላሽ ብቻ ሳይሆን በሳምንት አንድ ቀን መጥቶ የቬንቲሌተሮቹን ባትሪ ይፈትሽ። የጽዳት ሠራተኛዋ አልጋው በምን ኬሚካል እንደሚጸዳና ለስንት ደቂቃ ርሶ መቆየት እንዳለበት ማንም ሳይነግራት ከሠራች፣ ጥፋቱ የእሷ አይደለም።

ርክክብ

ርክክብ አልጋው አጠገብ ነው የሚደረገው፤ በነርሶች ጠረጴዛ ዙሪያ ሻይ ይዞ የሚደረገው ርክክብ ወሬ ነው። ለአንድ በሽተኛ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይበቃል። ተረካቢዋ እየሰማች በእጇ ትፈትሽ፦ ከሲሪንጅ ፓምፑ ተነስታ መስመሩን እየተከተለች እስከ ደም ሥሩ፤ ቱቦው ጥርስ ላይ ስንት ሴንቲ ሜትር ላይ እንዳለ (በአዋቂ ሴት 21፣ በወንድ 23 አካባቢ)፤ የቱቦው ፊኛ ግፊት ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ውኃ መሆኑን፤ አምቡ ባግ ከነማስኩ ራስጌ መኖሩን፤ ሳክሽኑ መሳቡን፤ የማንቂያ ድምፁ አለመዘጋቱን።

የደም ግፊት መድኃኒት ርክክብ ላይ የሚፈጠረው ስህተት ለብቻው ይነሳ። አንዱ ፈረቃ 4 ሚሊ ግራም አድሬናሊን በ50 ሚሊ ሊትር፣ ሌላው 2 ሚሊ ግራም በ50 ካዘጋጀ፣ የፓምፑ ቁጥር ሳይቀየር መድኃኒቱ በግማሽ ይወርዳል ወይም በእጥፍ ይጨምራል። ለክፍሉ በሙሉ አንድ አዘገጃጀት ምረጡና ለጥፉ። 4 አምፑል (4 ሚሊ ግራም) ከ46 ሚሊ ሊትር ጋር ተቀላቅሎ 50 ሲሆን በአንድ ሚሊ ሊትር 80 ማይክሮ ግራም አለ። ለ60 ኪሎ ሰው በኪሎ በደቂቃ 0.1 ማይክሮ ግራም ማለት በሰዓት 4.5 ሚሊ ሊትር ነው። ትእዛዙ ሁለቱንም ቁጥር ይያዝ። ሲሪንጁ ሊያልቅ 1 ሰዓት ሲቀረው ቀጣዩ ተዘጋጅቶ ይቀመጥ፤ አልቆ ማንቂያው ሲጮህ መቀላቀል ከጀመራችሁ ግፊቱ እስከዚያ ይወርዳል።

ሰዓቱን ሳንጠቅስ ማለፍ አይቻልም። ሞኒተሩ 14:00 ይላል፣ ነርሷ 8 ሰዓት ትላለች፣ ከውጭ የተማረው ሐኪም «8» ብሎ የጻፈው ደግሞ ጠዋት ነው። «በ8 ሰዓት ይሰጥ» የሚል ትእዛዝ የ6 ሰዓት ልዩነት ሊያመጣ ይችላል፤ አንቲባዮቲክ ሁለት ጊዜ የሚሰጠው ወይም የሚዘለለው እንዲህ ነው። የአይሲዩ ቻርት ላይ ሁለቱም ሰዓት ጎን ለጎን ይታተም፦ ጠዋት 2 ሰዓት / 08:00፣ እያለ እስከ ማግስቱ። ትእዛዝ ሲጻፍ ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ ወይም ሌሊት የሚለው ቃል አይቅር። ካቴተርና ማዕከላዊ መስመር (በትልቅ ደም ሥር የሚገባው ቀጭን ቱቦ) የገባበት ቀንም ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. የሚል ይኑረው።

ራውንድ

ራውንድ በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት ይጀመር፣ ሲኒየሩ ቢዘገይም። ለአንድ በሽተኛ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ። መጀመሪያ የምትናገረው ነርሷ ትሁን፤ ሌሊቱን ምን እንደተፈጠረ የምታውቀው እሷ ናት፣ ሐኪሞች ከተናገሩ በኋላ ዕድል ከተሰጣት ደግሞ ብዙውን ጊዜ «ምንም የለኝም» ትላለች። ቀጥሎ ሬዚደንቱ ከአንጎል እስከ ቆዳ በየሥርዓቱ ያቅርብ፣ ከዚያ ፋርማሲስቱ። ሲኒየሩ በመጨረሻ ይናገር። መጀመሪያ ከተናገረ የሌላው ሐሳብ እዚያው ይቀራል።

ፋስት ሀግ የሚባለው ማስታወሻ በ2005 እ.ኤ.አ. በቤልጅጉ ሐኪም ዣን ሉዊ ቪንሰንት የቀረበ ነው፤ ለሰባት ጥያቄዎች መልስ ሳይሰጥ ከአልጋው አይነሳም። ምግብ ጀምሯል? ሕመሙ ታክሟል? ማስተኛው ሊቀነስ ይችላል? የደም መርጋት መከላከያ ወስዷል? ራስጌው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ከፍ ብሏል? የጨጓራ መድማት መከላከያ ያስፈልገዋል? የደም ስኳሩ በቁጥጥር ሥር ነው? በስኳሩ ላይ ከ180 በላይ ሲሆን ኢንሱሊን መጀመርና በ140 እና በ180 መካከል ማቆየት በቂ ነው። እኛ ስምንተኛ እንጨምርበታለን፦ ዛሬ የሚወጣ ቱቦ፣ መስመር ወይም ካቴተር አለ?

ራውንዱ የሚዘጋው ነርሷ የዕለቱን ግቦች ጮክ ብላ ስታነብ ነው። «አማካይ የደም ግፊት ከ65 በላይ። ማስተኛው ጠዋት 4 ሰዓት ይቆማል። ከነቃና ኦክስጅኑ 40 በመቶ ከበቃው በራሱ የመተንፈስ ሙከራ ለ30 ደቂቃ። ፈሳሽ በ24 ሰዓት ከ500 በላይ ትርፍ እንዳይኖር።» ይህ ሥነ ሥርዓት ለማስመሰል አይደለም። በባልቲሞር ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ የዕለት ግብ ወረቀት ከመጀመሩ በፊት የበሽተኛውን የዕለቱን ዓላማ በትክክል የተረዱት ሬዚደንቶችና ነርሶች ከ10 በመቶ በታች ነበሩ፤ ወረቀቱ ከተጀመረ በኋላ ከ95 በመቶ በላይ ሆኑ። አንድ ገጽ ወረቀት ነው፤ በጀት አይጠይቅም።

ሲጮህ

ልብ ሲቆም መሪው ከአልጋው ግርጌ ይቆማል፣ እጁን በሽተኛው ላይ አያሳርፍም። ይህ ለብዙ ሐኪም ይከብደዋል፤ ቱቦ ወይም መስመር ለማስገባት ይጎነበሳል። በተጎነበሰበት ቅጽበት ክፍሉ መሪ አጥቷል። ሌላ ሰው ከሌለና ግድ ከሆነ «ሲስተር፣ መምራቱን ያዢልኝ» ብሎ በስም አስረክቦ ይግባ።

ሥራው በስም ይታደላል። ሁለት ሰው ደረት ለመጫን በየ2 ደቂቃው እየተቀያየሩ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት። አንድ ሰው ለትንፋሽ፣ ቱቦ ካለ በየ6 ሴኮንዱ አንድ ጊዜ። አንድ ነርስ ለመድኃኒት፣ አንድ ሰው ሰዓት እያየ ለመጻፍ፣ አንድ ደግሞ ለመላላክ። «አድሬናሊን ስጡ» የሚል ትእዛዝ ለአየር የተነገረ ነው፤ ወይ ማንም አይሰጥም ወይ ሁለት ሰው ይሰጣል። «ሲስተር ሂሩት፣ አድሬናሊን 1 ሚሊ ግራም» ይባላል፣ እሷም «1 ሚሊ ግራም ሰጥቻለሁ» ብላ ትመልሳለች፤ ጸሐፊው ደግሞ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ውስጥ ቀጣዩን ያስታውሳል። ዲፊብሪሌተር (ለልብ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ማሽን) የሚመልሰው ምት ከሆነ ግን ኤሌክትሪኩ ይቀድማል።

ከልብ መቆም ይልቅ በየቀኑ የሚያጋጥመው ቱቦ ያለው በሽተኛ ኦክስጅኑ ድንገት ሲወርድ ነው። ማሽኑ ፊት ቆሞ ቁልፍ መነካካት የተለመደው ስህተት ነው። በሽተኛውን ከማሽኑ ንቀሉት፣ በ100 በመቶ ኦክስጅን በአምቡ ባግ አስተንፍሱት። ከተሻለው ችግሩ የማሽኑ ወይም የቱቦ መስመሩ ነው። ባጉ ከከበደ የሳክሽኑን ቀጭን ቱቦ አስገቡ፤ ካላለፈ ቱቦው ተዘግቷል ወይም ተነክሷል። ካለፈ ጥርሱ ላይ ያለውን ቁጥር ተመልከቱ፣ ሁለቱንም ደረት አዳምጡ፤ ቁጥሩ ከጨመረ ወደ አንድ ሳንባ ገብቷል፣ ካነሰ ወጥቷል። በአንድ በኩል ድምፅ ጠፍቶ ግፊቱም እየወረደ ከሆነ ደረት ውስጥ የታመቀ አየር ነው፤ ራጅ አይጠበቅም።

ሲያልቅ 5 ደቂቃ ቁሙ። ያላገኘነው ዕቃ ምን ነበር፣ ማን ያሟላዋል፣ እስከ ስንት ሰዓት? ማን ጥፋተኛ እንደሆነ በዚህ ሰዓት አይነሳ።

ኦክስጅንና መብራት

ለእያንዳንዱ ፈረቃ የኦክስጅን ኃላፊ በስም ይመደብ። 40 ሊትር ሲሊንደር ጌጁ 100 ባር ሲያሳይ 4,000 ሊትር ኦክስጅን አለው። የመጨረሻውን 20 ባር አትቁጠሩት፤ ስለዚህ 3,200 ሊትር ነው፣ በደቂቃ 10 ሊትር ለሚወስድ በሽተኛ 5 ሰዓት ከ20 ደቂቃ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ተረክባችሁ ጌጁ 100 ካለ፣ ሌሊት 7 ሰዓት ከ20 ላይ ባዶ ይሆናል ማለት ነው፤ መለወጫው ከ6 ሰዓት በፊት አልጋው አጠገብ ይድረስ፣ መፍቻውም አብሮ። መፍቻው ጠፍቶ ሙሉ ሲሊንደር ፊት ለፊት ቆሞ ማየት ያስመርራል።

መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ማን የየትኛውን አልጋ አምቡ ባግ እንደሚይዝ ፈረቃው ሲጀመር ይወሰን፤ ጥበቃውና የጽዳት ሠራተኛዋ ባጉን መጨመቅ ቢለማመዱ ምንም ነውር የለውም።

አልጋው

አንድ አልጋ ባዶ ሆኖ ሦስት በሽተኛ ሲጠብቅ የሚወስነው አንድ ሰው፣ የዕለቱ ሲኒየር ነው። የመቀበያ መስፈርቱ ተጽፎ ይለጠፍ፤ ያልተቀበላችሁትም ምክንያቱ ከነሰዓቱ ይመዝገብ። «የእገሌ ዘመድ ነው» የሚል ስልክ ከላይ ሲመጣ ተረኛው ሬዚደንት እንዳይጨነቅ መልሱ አስቀድሞ ይሰጠው፦ «ለሲኒየሩ አስተላልፋለሁ።» ግፊቱን መሸከም የመሪው ሥራ ነው፣ ለዚያ ነው ደመወዝ የሚከፈለው። ከአይሲዩ ማውጣትን ደግሞ ከተቻለ ቀን አድርጉት፤ በሌሊት ወደ ዋርድ የተሸኘ በሽተኛ ተቀባዩ ነርስ ሳያየው ይነጋበታል።

ቤተሰቡ

አስታማሚዎች አንድ ተወካይ ይምረጡ፣ ስሙና ስልኩ ቻርቱ ላይ ይጻፍ። ከራውንድ በኋላ በታወቀ ሰዓት ተቀምጦ የሚያናግረው ሐኪም ከነነርሷ ይሁን፤ ኮሪደር ላይ ቆሞ «ደህና ነው» ማለት ነገ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ቤተሰብ «ለእሱ እንዳትነግሩት» ሲል የተለመደ ነው፤ በሽተኛው ነቅቶ ራሱ ከጠየቀ ግን መልስ እንደሚሰጠው ቀድማችሁ ንገሯቸው። ጸበል የሚያመጡ ከሆነ በግንባሩ ወይም በእጁ መቀባት እንደሚችሉ፣ በአፉ ግን እንዳያጠጡት፣ በማሽኑም ላይ እንዳይረጩ በአክብሮት አስረዱ፤ ዝም ብሎ መከልከል ሰው በሌለበት እንዲያጠጡት ያደርጋል። ሞት ሲሆንም መርዶው ለማን፣ በማን እንደሚነገር ተወካዩን ጠይቁ፤ እናቲቱን በር ላይ አግኝቶ መንገር የማንም ተረኛ ሥልጣን አይደለም።

የተነገረው ነገር በሙሉ ቻርቱ ላይ ይመዝገብ፦ ማን ነገረ፣ ለማን፣ በምን ቃል። የማታው ተረኛ ያንን ሳያነብ ለቤተሰቡ ምንም አይናገር።